አናጢውና የመደመር ሰንጠረዥ

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ የእንጨት ሥራ ቤቶች በተደረደሩበት መንገድ ጫፍ፣ ሁለት ዘመዳሞች ሳይቀጣጠሩ ፊት ለፊት ተገናኙ። አንደኛው የመስኮት ፍሬም በትከሻቸው የተሸከሙ አዛውንት አናጢ ናቸው። ሁለተኛዋ የአንደኛ ክፍል ልጆችን ሂሳብ የምታስተምር የወንድማቸው ልጅ ናት። እሷ ዕረፍት ላይ ስለነበረች ወደ ገበያ እየሄደች ነው። እሳቸው ግን ፍሬሙን የያዙት ወደ ደንበኛ ለመውሰድ ሳይሆን ከደንበኛ ተመልሶባቸው ነው፤ አናጢ የሠራውን ተሸክሞ ሲመለስ ማየት ደግሞ ለዘመድም ለጎረቤትም ደስ አይልም።

መምህርቷ ጤናቸውን ጠይቃ አንዱን ጫፍ ልያዝልዎ አለች። እሳቸው እምቢ አሉ፤ ያፈረ ሰው ሸክሙን ማካፈል አይወድም። ሥራ ቤታቸው ደርሰው ፍሬሙን ግድግዳ ካስደገፉ በኋላ ግን ሳትጠይቃቸው ሁሉንም ነገሯት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአዲሱ ጤና ጣቢያ አሥራ ሦስት መስኮት ሊሠሩ ተስማምተዋል። መስታወቱን ጤና ጣቢያው ራሱ አስቆርጦ አምጥቷል፤ የእሳቸው ድርሻ ለመስታወቱ ልክ የሆነ ፍሬም ማቆም ብቻ ነው። ለናሙና አንድ ባለ ሁለት መስታወትና አንድ ነጠላ ሠርተው ወሰዱ። ሁለቱም ጠበቡ፤ መስታወቱ አልገባም አለ። ነጠላውን ትናንት መልሰውታል፣ ይኸኛው የዛሬው ነው። የግንባታው ፎርማን ጨዋ ሰው በመሆኑ አልተቆጣም። ሆኖም ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ፣ የቀሪዎቹን ልክ በወረቀት ካላገኘሁ ሥራውን ለሌላ አናጢ እሰጣለሁ ብሏቸዋል።

"ሥራው ቢቀር ይቅር" አሉ አናጢው። "እኔን የከፋኝ ዓይኔ መክዳቱ ነው። አሥር ጊዜ ለክቼ አንዴ ነው የቆረጥኩት፣ ያም ሆኖ ጠበበ። ካረጁ አይበጁ ማለት ይኸው ነው። ከነገ ጀምሮ መጋዜን ሰቅዬ ቤቴ እቀመጣለሁ።"

መምህርቷ ይኼን ስትሰማ አባቷ ትዝ አላት። አጎቷና አባቷ በዚህ ሥራ ቤት አርባ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ አባቷ ይደምራል፣ አጎቷ ይቆርጣሉ። አባቷ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። እሳቸውም ሥራቸውን ከተዉ ከሐዘናቸው ጋር ብቻቸውን መፋጠጣቸው ነው ብላ ፈራች። ይሁን እንጂ ከንፈር መጥጣ የምትሄድ ዓይነት ሴት አይደለችም። ሜትሩን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ሁለቱን ፍሬሞች ለካች፣ ከዚያም ልኩ የተጻፈበትን ወረቀት አየች።

የባለ ሁለት መስታወቱ ዝርዝር ቋሚ ስምንት፣ መስታወት ሠላሳ ስድስት፣ የመሃል ቋሚ ስድስት፣ መስታወት ሠላሳ ስድስት፣ ቋሚ ስምንት ይላል። ሲደመር ዘጠና አራት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ፍሬሙ ግን ዘጠና ነው። ነጠላው ስምንት፣ ሠላሳ ስድስት፣ ስምንት፣ በጠቅላላው ሃምሳ ሁለት መሆን ሲገባው ሃምሳ ሆኗል።

"አጎቴ፣ ዓይንዎ ደህና ነው" አለች። "የደከመ ዓይን አንዴ ያሳንሳል፣ አንዴ ያበዛል። ይኼ ግን አራት ጊዜ የተደመረው በአራት፣ ሁለት ጊዜ የተደመረው በሁለት ነው የጎደለው። በእያንዳንዱ መደመር አንድ አንድ እየጠፋ ነው። እስኪ ስምንት ላይ ስድስት ሲጨምሩ ልይ።"

አናጢው አውራ ጣታቸውን በትንሿ ጣታቸው የመጀመሪያ አንጓ ላይ አሳርፈው "ስምንት" አሉ። ከዚያ አንጓ ባንጓ እየተሻገሩ ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ "አሥራ ሦስት" ብለው በኩራት ቀና አሉ።

"አሁን ደግሞ በዚሁ ዘዴ ሁለት ላይ አንድ ይጨምሩልኝ።"

አውራ ጣታቸውን የመጀመሪያው አንጓ ላይ አሳርፈው "ሁለት" አሉ። አንዱ አንጓ አለቀ። እጃቸውን ትክ ብለው አዩት።

"ሁለት ጣውላ ይዤ አንድ ስትጨምሪልኝ ሁለት ሆነ? ሦስተኛውን ማን በላው?" አሉና ራሳቸው ሳቁ።

ሳቁ ሲያልፍ ግን ነገሩ ገባቸው። በሕይወት ዘመናቸው ደምረው አያውቁም ነበር። ወንድማቸው ካረፈ ወዲህ ድምር የሚፈልግ ሥራ ሲመጣላቸው ይኼ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ እሱ ሲያደርግ ያዩትን ማድረግ ጀመሩ፤ እሱም አውራ ጣቱን የመጀመሪያው አንጓ ላይ ነበር የሚያሳርፈው። ነገር ግን ድምፅ አውጥቶ አይቆጥርም። ስምንትን በሆዱ ይዞ የመጀመሪያውን አንጓ ሲነካ ዘጠኝ ይል እንደነበር ማን ይንገራቸው? "እጁን አየሁ፣ ሆዱን ግን አላየሁም" አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። መምህርቷም አባቷ ናፍቋት አብራቸው አለቀሰች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ የተገለጠ በሽታ ግን ግማሹ ድኗል። አናጢው ወዲያው ተጽናኑና ከእንግዲህ ስምንትን ይዤ ከዘጠኝ ጀምሬ እቆጥራለሁ፣ ነገሩ አበቃ አሉ። መምህርቷ ግን የመደመር ሰንጠረዥ እንሥራ ብላ ያዘቻቸው። ክርክሩም የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

"በዚህ ዕድሜዬ የሕፃናት ሰሌዳ ፊት ልቁም?" አሉ። "ጎረቤት ቢያይ ምን ይለኛል?"

"ማዕዘን ሲቆርጡ ስኳድራ የሚያስደግፉት ቀጥ ያለውን ከጠማማው መለየት አቅቶዎት ነው?"

"አይደለም። ዓይን ይዘናጋል፤ ስኳድራ አይዘናጋም።"

"እንግዲያው ሰንጠረዡም የቁጥር ስኳድራ ነው። የተቆጠረውን ሁልጊዜ እንደገና ከመቁጠር ያድናል። አንዴ በትክክል ተሠርቶ ይቀመጣል፣ እርስዎ መጥተው ያነባሉ።"

"ሰሌዳው የጠፋ ዕለትስ? ባዶ እጄን ልቀር ነው?"

"ስኳድራው ቢጠፋ ማዕዘን ምን እንደሚመስል ይረሳሉ? አዘውትሮ ያነበበ ሰው ሰንጠረዡ ጭንቅላቱ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ሰሌዳውን ጎረቤት ቢወስደውም ግድ የለም።"

ነገሩ ሳይጥማቸው አልቀረም። ቢሆንም አናጢ እንዲህ በቀላሉ እጁን አይሰጥም። እስኪ ልየው ብለው የተላገ ሰሌዳ አምጥተው በስኳድራና በእርሳስ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ወደ ታች፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ወደ ጎን አሰመሩ። መስመሩ ያምር ስለነበር መምህርቷ ክፍሏ ያለውን ሰሌዳ አስታውሳ አፈረች። በመስመሮቹ መካከል ያሉትን ባዶ ቤቶች ራሳቸው እንዲሞሏቸው አደረገቻቸው፤ አንድ ቤት ወደ ጎን በሄዱ ቁጥር አንድ ይጨምራል፣ አንድ ቤት ወደ ታች በወረዱ ቁጥርም እንዲሁ። ሞልተው ሲጨርሱ ራቅ ብለው አዩትና ቅር አላቸው።

"ሰማንያ አንድ ቁጥር በዚህ ራስ?"

"ስምንት ላይ ስድስት ስንት ይላል?"

ከግራ በኩል ስምንትን፣ ከላይ ስድስትን ይዘው ሁለቱ የሚገናኙበትን ቤት በጣታቸው አገኙ። "አሥራ አራት።"

"ስድስት ላይ ስምንትስ?"

"ያው አሥራ አራት።" ጣታቸውን በሁለቱ ቤቶች መካከል አመላለሱ። "ለካ ሰሌዳው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ቢታጠፍ አንዱ ወገን በሌላው ላይ ይተኛል።"

"ስለዚህ ሠላሳ ስድስቱ ድግግሞሽ ናቸው፣ አርባ አምስት ቀረ። አንድ መጨመር ደግሞ ለማንም አያቅትም። እሱን ሲያወጡ ሠላሳ ስድስት ብቻ ይቀራል።"

ለአናጢው ግን ሌላ ነገር ታይቷቸዋል። ጣታቸውን ከታች ከግራ፣ ዘጠኝና አንድ ከሚገናኙበት አንስተው ወደ ላይ ወደ ቀኝ በሰያፍ ሳቡት፤ በመንገዱ ያለው ሁሉ አሥር ነው። "አሥሮቹ እንደ ሰያፍ ድጋፍ ተጋድመዋል" አሉ። "ከድጋፉ በላይ ያለው ከአሥር ያንሳል፣ በታች ያለው ይበልጣል። ይኼ የታሰበበት ሥራ ነው።" ይኼን መምህርቷ አልነገረቻቸውም። ሰው በገዛ ዓይኑ ያገኘውን ነገር መቼም አይረሳውም።

ፎርማኑ የአሥራ አንዱን መስኮት ዝርዝር ይዞ ደረሰ። አናጢው በሰው ፊት ሰሌዳ ማየት አሳፈራቸውና ወደ አንጓቸው ተመለሱ፤ አሁን አቆጣጠራቸው ትክክል ነው። አምስተኛው አንጓ ላይ ሲደርሱ ፎርማኑ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ መዘግየት ጠየቃቸው። መልሰው እንደገና ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ጎረቤት ገብቶ ሰላምታ ሰጠ። ለሰላምታው መልስ ሲሰጡ ቁጥሩ አመለጣቸው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው መሆኑ ነው። ፎርማኑ ወደ በሩ ማየት ጀመረ።

አናጢው የወንድማቸውን ልጅ አዩና ተነሥተው ወደ ሰሌዳው ሄዱ። ጣታቸውን እያስኬዱ የሚገናኙበትን ቤት ያነባሉ፣ ድምሩ ከአሥር ሲያልፍ አሥሩን ወደ አሥሮቹ ጎራ ያሳልፋሉ፣ ይጽፋሉ። ጎረቤቱም ፎርማኑም ያወራሉ፤ እሳቸው ቀና ብለው ይመልሳሉ፣ ሲመለሱ ቁጥሩ በቦታው ይጠብቃቸዋል። ብዙም ሳይቆይ የአሥራ አንዱንም ልክ ጨረሱ። መምህርቷ አንድ በአንድ አመሳከረችው፤ ግድፈት አጣችበት።

"አሸነፍሽኝ ልጄ" አሉ ፎርማኑ ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ። "መደመር የማስታወስ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሥርዓት ነው።"

ከዚያ ቀን በኋላ ሰሌዳው ከመጋዙ አጠገብ ተሰቀለ። ጥቅሙም ከታሰበው በላይ ሆነ። በስህተት የሚቆረጥ ጣውላ ቀረ፤ ደንበኛ ልኩን ሳይጠብቅ ይዞ ይሄዳል። እሳቸው ራሳቸው ሰሌዳውን ወደ ኋላ ማንበብ ጀመሩ። ከአሥራ አራት ላይ ስድስት ሲነሣ ስንት ይቀራል ቢባሉ፣ በስድስት ረድፍ አሥራ አራትን ፈልገው ከላዩ ያለውን ስምንት ያነባሉ። በዚህም ከጣውላው የሚተርፈውን ሳይቆርጡ ያውቁታል። ትምህርት ለልጅ ብቻ የተፈቀደ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ይኼን ሰሌዳ ሄዶ ይየው።

መስኮቶቹ በሚገጠሙበት ዕለት ጤና ጣቢያው ግቢ ሰው ሞላ። ሁለቱ ናሙናዎች እንደገና ተሠርተው ከአሥራ አንዱ ጋር ተሰልፈዋል። መስታወቱ አንድ በአንድ ገባ፤ አንዱም አልጠበበ፣ አንዱም አልላላ። ፎርማኑ ደስ ብሎት በሮቹንም እሳቸው እንዲሠሩለት ጠየቀ። ከዚያ በጨዋታ መልክ፣ ለመሆኑ ከእንግዲህ ስንት ዓመት ለመሥራት አስበዋል አላቸው።

"ስድሳ ስምንት ሞልቶኛል" አሉ አናጢው። "ስድስት ጨምርበት፣ እስከዚያ ድረስ አለሁ።"

ፎርማኑ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ አናጢው "ሰባ አራት" አሉትና የበሩን ልክ ለመውሰድ ሜትራቸውን ይዘው ገቡ።