የሌቲስ ፊት

ሄሎ! — አዎ፣ የኔዘርኮም ቤተ ክርስቲያን ነው… ዶሪን ነኝ፣ የሰበካው ተመራጭ። ማን ልበል? — ውይ፣ አቶ ሃርኮም! እርስዎ ነዎት እንዴ? — እሑድ? እንዴታ፣ ከባቡር ጣቢያ የሚቀበልዎ ሰው አለ። — የልጅ ልጅዎንም ይዘው… ትንሿ ሌቲስ፣ አዎ…

አቶ ሃርኮም፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። — ሄሎ? ይሰሙኛል? እስቲ ይቀመጡ። ሥዕል ያለበት የመስታወት መስኮታችን ነው… የአያትዎ እህት መታሰቢያ፣ ልጅ ሆና የሞተችው የሌቲስ… — አይ፣ አልተሰበረም! በተሰበረ ይሻል ነበር። ታጥቦ ነው።

ታጠበ! — በአቼቶ። በአቼቶና በጋዜጣ፣ እንደ ቤታችን መስኮት። ሜቤል ናት። አበባ የማስተካከል ተራዋ ነበር፤ እንግዳ ይመጣል፣ ያብራላቸው ብላ… (ሜቤል፣ በቃ አንቺ ደግሞ! ሻይሽን ጠጪ።) — እያለቀሰች ነው፣ ምን ታድርግ።

— አይ፣ ቀሚሷ አለ። እሱ መስታወቱ ራሱ ሰማያዊ ነው። የያዘቻት እርግብም አለች። ፊቷ ግን በብሩሽ የተሳለ ነበር… መጥቶ ያየው የመስታወት ባለሙያ እንዳለው፣ ያኔ ሲሠራ ቀለሙ በምድጃ በቂ እሳት አላገኘም። ከጋዜጣው ጋር ተጠርጎ ወጣ። — ምንም የለም። ባዶ መስታወት። በፊቷ በኩል የመቃብሩ ዛፍ ይታያል።

— መሳሉንስ እስለዋለሁ ይላል፤ ከምን አይቶ? እናንተ ጋ ፎቶ… — መስኮቱን የሠራው ሠዓሊ ወስዶ አልመለሰውም? ያለውም እሱ ብቻ ነበር? ወይኔ ጉዴ! — እኛማ ያልፈለግንበት የለም። የቤተ ክርስቲያኑ ፖስት ካርድ ላይ ያለው ግንቡ ብቻ ነው። የሰርግ ፎቶ ሁሉ አገላበጥን፤ የሙሽራ እናት ባርኔጣ ጋርዷታል።

— ቄሳችን? የስድስት አጥቢያ ቄስ ናቸው እኮ። ደወልኩላቸው፤ «እጸልያለሁ» አሉ። ምን ይበሉ?

— አይቅሩ እንጂ! — እ? ትንሿ ቁርጥ እሷን ናት? ማን አለ? — እህትዎ… እና ከሥሯ አቁመው ሊያስተያዩ ነበር… አይ አለመታደል!

— ዓይኗ? ቆይ… (ሜቤል፣ የሌቲስ ዓይን ቡናማ ነበር ሰማያዊ? … እኔን ትጠይቂኛለሽ? አንቺ አይደለሽ ያጠብሻት!)

— አቶ ሃርኮም… ሰማያዊ ነው ብልዎት ደስ ባለኝ። አላውቅም። የተጠመቅሁት ከሥሯ፣ ያገባሁት ከሥሯ፣ ባሌን የሸኘሁት ከሥሯ… አንድ ቀን ቀና ብዬ ዓይኗን አላየሁም።

ሄሎ? … ሄሎ፣ አቶ ሃርኮም?

(ዘጉት፣ ሜቤል።)