ከስብሰባው የወጡት ሰብሳቢ

ድርቁ በበረታበት ሰሞን ነጌሌ ላይ ለስብሰባ ተቀምጠን ነበር። የተፈቀደው የውሃ ጉድጓድ አንድ፣ የሚፈልጉት ቀበሌዎች ደግሞ ሁለት ናቸው። ሰብሳቢያችን የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ኦቦ ጉዮ ነበሩ። ገና ሳንጀምር ብድግ አሉና «አንደኛው የእናቴ ቀበሌ ነው። ሕጉ ዝምድና ካለህ ተናገር፣ ከውሳኔውም ራቅ ይላል» ብለው ወጡ። እኛም ብዙ ተከራክረን ጉድጓዱን ውሃ ይበልጥ ለራቀበት ለሌላው ቀበሌ ወሰንን።

ስንወጣ ኦቦ ጉዮ ደጅ ላይ ነበሩ፤ የእናታቸው ወንድምም ውሳኔውን ሰምተው መጡባቸው። «አንተ ኃላፊ ሆነህ እኛ በውሃ ጥም እንለቅ?» ብለው ጮኹባቸው። ኦቦ ጉዮ አንገታቸውን ደፍተው «አቡያ፣ አጎቴ፣ ቢቆጡኝ አይፈረድብዎትም። ለእናቴ ግን ውሃውን እኔ አመላልስላታለሁ» አሉ። እኔ ለማብረድ ያሉት መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ገበያው ዳር በተከራዩት የአህያ ጋሪ ላይ ጀሪካን ሲጭኑ አገኘኋቸው። «ናጋ፣ ኦቦ ጉዮ!» ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸውና «የመሥሪያ ቤቱ መኪና ቆሞ የለም እንዴ?» አልኳቸው። «አለ፤ የእናቴ ግን አይደለም» አሉኝ።  መሬት ላይ የቀረውን ጀሪካን አንስቼ ጫንኩላቸው።