እትዬ ጉልበትን ስንሸኝ የተናዘዝኩት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዶክተር፣ እርስዎ ዛሬ ቁጭ ብለው ከመስማት በቀር ምንም ሥልጣን የለዎትም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያርሙኝ ኖረዋል፤ ዛሬ የጡረታዎ ሽኝት ነው፤ ማረም ክልክል ነው።

እዚህ የምርምር ተቋም የገቡበትን ቀን የምናስታውሰው እኔና በር ጠባቂያችን ብቻ ነን። ሊፍቱ ተበላሽቷል። አንዲት ቀጭን ሴት ትልቅ የበረዶ ሳጥን አቅፋ ከች አለች። ጠባቂው፣ "ምንድን ነው የያዝሽው?" አላት።

"ጉልበት።"

"እሱማ እኛም አለን! ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ ነው የምልሽ?"

"ጉልበት ነው አልኩህ እኮ!"

ሰውዬው የተሾፈበት መሰለውና ክዳኑን ብድግ ሲያደርገው፣ ከቄራ የመጡ ስድስት የላም ጉልበቶች በረዶ ላይ ተደርድረዋል። ያን ቀን ምሳውን አልበላም። እኛም ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት "ዶክተር"፣ ዞር ሲሉ "እትዬ ጉልበት" እያልን ኖርን። አይደንግጡ ዶክተር፤ እንደሚያውቁ እናውቃለን።

ለእንግዶች ልንገር። እትዬ ጉልበት ዕድሜያቸውን የፈጁት በልም አጥንት ላይ ነው። በመገጣጠሚያችን ውስጥ የአጥንትን ጫፍ የሚሸፍን ለስላሳ ልባስ ነው። እሱ ሲሳሳና ሲበላ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል፤ ሰውም ደረጃ አይቶ ያለቅሳል። ለምን ይሳሳል? ምንስ ያቆመዋል? ጥያቄያቸው ይኸው ነበር። ጣጣው፣ ጥያቄውን ላቦራቶሪ ትተውት አይወጡም። ኮሪደር ላይ ሰላም ስትሏቸው ፊታችሁን አያዩም፤ የሚያዩት ወደ ታች፣ ጉልበታችሁን ነው።

"ወደ ግራ እያዳላህ ነው፤ ምን ሆነሃል?"

"ጫማ ጠቦኝ ነው።"

"ጫማ እንዲህ አያስረግጥም። እስቲ ቁጢጥ በል!"

ዳይሬክተራችን ሳይቀሩ ስብሰባ መሃል ቁጢጥ ብለዋል። አይሳቁ ጌታዬ፤ ሁላችንም አይተናል!

በሠርጌ ዕለት ሰው ሁሉ "ሙሽራዋ እንዴት ታምራለች" ይላል። እርሳቸው ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው፣ "አማትህ ደረጃ ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ፤ ሰኞ ይዘሃቸው ና" አሉኝ። ምን ላድርግ? ባገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ሚስቴን ትቼ አማቴን ይዤ ከተፍ! አማቴ ይኸው እዚያ ተቀምጠዋል። ከእኔ ይልቅ ዶክተርን ነው የሚወዱት።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር አለኝ፤ ዶክተር እባክዎ አያቋርጡኝ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ስድስት ዓመት የደከምንበት ሥራ ውጤት ወጣ። መድኃኒታችን የተበላውን ልም አጥንት መልሶ አበቀለ ተባለ። ጋዜጠኞች መጡ፤ ጽሑፉ ሊታተም ሁለት ሳምንት ቀረው። በዚያ ሰሞን ማቀዝቀዣውን ሳጸዳ፣ ዋናው ማስረጃችን ያረፈባቸውን ሁለት የናሙና ትሪዎች አየሁ። የአንዱ ቁጥር ሌላው ላይ ተለጥፏል፤ ጤነኛውና የታመመው ተቀያይረዋል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። እንደገና በቀለ ያልነው ልም አጥንት ቀድሞም ምንም ያልነካው ጤነኛ ነበር።

ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። በሦስተኛው ቀን ቢሯቸው ገብቼ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ሌላ የሚያውቅ አለ?"

"ማንም የለም።"

"እንግዲያው ሂድና ምሳህን ብላ።"

ሊደብቁት መሰለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከሰዓት በኋላ ጽሑፉ እንዳይታተም አስቀሩት። እዚሁ አዳራሽ ቆመውም፣ "ስህተቱ የእኔ ነው" አሏችሁ። "አርጅታለች፣ ትውጣ" ያላችሁ ነበራችሁ፤ ሰምቻለሁ። እኔም ያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አፌን አልከፈትኩም። ሥራውን ሁለት ዓመት እንደ አዲስ ሠራነው። መድኃኒቱ ልም አጥንት አያበቅልም፤ መሳሳቱን ግን ያዘገያል። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን እውነት ናት። ዛሬ ሐኪሞች የሚያምኗትም ለዚህ ነው።

ትሪዎቹን የቀያየርኩት እኔ ነኝ። ይኸው፣ ሁላችሁም ስሙት።

"ተቀመጥ አንተ ልጅ!" አሉኝ፤ ሰማችሁ? ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ "አንተ ልጅ"! ይቆጡ ዶክተር፣ ዛሬ አልቀመጥም።

በሉ ብርጭቆ አንሱ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። የልጅ ልጆችዎ እስኪሰለችዎ ድረስ ያስቁዎት። ጠዋት የሚቀሰቅስዎ ደወል አይኑር፤ ጥያቄ ከቀሰቀሰዎ ግን ስልኬን ያውቁታል። ዘጠኝ ዓመት ጉሮሮዬ ላይ የቆመችውን አንዲት ቃል ልበልና ልጠጣ።

አመሰግናለሁ።