በግራም በቀኝም አንድ ስንዝር

ልትሸኟቸው የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የሥራ ባልደረቦችና ተማሪዎቻቸው፤ የታላቅ ወንድሜን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ቤተሰቡ ሲጠይቀኝ ሁለት ጊዜ እምቢ ብዬ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ግን ሴት ልጃቸው «አጎቴ፣ አብረኸው የሠራኸው አንተ ነህ፤ አንተ ካላነበብከው ማን ያነበዋል?» ስላለችኝ ተቀበልኩ፤ ስለሆነም የምታደምጡት የሟችን ምስጋና ብቻ ሳይሆን የእኔንም ድርሻ የያዘ መሆኑን አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

ወንድማችን ከሰባ አንድ ዓመት በፊት፣ በርና መስኮት በመሥራት ይተዳደሩ ከነበሩት አናጢ አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ ከባቡር ሐዲዱ ባሻገር በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታችን የተላገ ጣውላ በአውራ ጣት እየዳበሱ ሻካራውን ከለስላሳው እንዲለዩ ሲያስተምሯቸው፣ እናታችን ደግሞ ሁለቴ ሳይለኩ መቀስ እንዳያነሡ ይመክሯቸው ስለነበር፣ ገና ፊደል ሳይቆጥሩ እጃቸው ሥራ የለመደ፣ ዓይናቸውም ጥቂት ልዩነት የማያመልጠው ሆኖ አደገ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት በማዕረግ አጠናቀው ወደ ቴክኒክ ኮሌጅ የገቡ ሲሆን፣ በዚያም የመካኒካል ምሕንድስና ተምረው፣ ነፋስ በጠንካራ አካል ላይ ስለሚያሳድረው ግፊት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን አቅርበው ተመረቁ። መምህራኖቻቸው ወደ አውሮፕላን ጥገና ይሄዳሉ ብለው ሲጠብቁ፣ እርሳቸው ግን ጎማዎቻቸው ያልተሸፈኑ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቁ የውድድር መኪኖች በሚሠሩበት ወርክሾፕ ተቀጠሩ፤ እዚያም ሠላሳ አንድ ዓመት የፊትና የኋላ ክንፍ ሲነድፉ ኖሩ። መብረር ለማትችል መኪና ክንፍ ምን ይሠራል ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ «እንዳትበር ነዋ!» ይሉ ነበር። ቀልድ ቢመስልም እውነት ነበር፤ የአውሮፕላን ክንፍ ወደ ላይ ሲያነሣ የመኪናው ክንፍ ግን ተገልብጦ ስለሚሠራ፣ በፍጥነት የምትሮጠዋን መኪና ወደ መሬት ተጭኖ ከመንገዱ እንዳትነቀል ይይዛታል። በዚህም ሥራቸው ባልደረቦቻቸው «ባለክንፉ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ እኔም ከኮሌጅ እንደወጣሁ በእርሳቸው ዋስትና እዚያው ወርክሾፕ ቅርጽ ማውጫ ክፍል ገባሁ።

በሠላሳ ዓመታቸው የሒሳብ መምህርት ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው የባላቸውን ጽሑፍ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ የሚያርሙ፣ ስሌቱ ትክክል ሲሆን ዝም የሚሉ፣ ሲሳሳት ግን የማይምሩ ስለነበሩ፣ ወንድማችን «እኔ ቤት ውስጥ ገና ተማሪ ነኝ» እያሉ ያስቁን ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ዘመን እገባለሁ።

የውድድሩ ማኅበር የመኪኖቹ ክንፍ እንዲቀየር ያሰበው ወንድማችን ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው ነበር። የኋለኛው መኪና ወደ ፊተኛው ሲጠጋ፣ የፊተኛው የበጠበጠው ነፋስ የኋለኛውን የፊት ክንፍ ጉልበት ያሳጣዋል፤ በዚህም ምክንያት መቅደም ብርቅ ሆኖ ተመልካቹ ተሰላችቶ ነበር። ማኅበሩ ለዚህ መፍትሔ ያለው የፊት ክንፉ ቀለል ብሎ፣ ነገር ግን እስከ ጎማው ውጫዊ ጠርዝ ድረስ እንዲሰፋ ነበር። ናሙናው ሲሞከር አስተያየት እንደ አሸን ፈላ፤ ተመልካቹ «መኪናዋን አካፋ አሸከሟት» ብሎ መልኩን ጠላ፤ ሾፌሮቹ ግን ተጠግተን መንዳት ቻልን ብለው ወደዱት፤ ነዳፊዎቹም ለሁለት ተከፈሉ።

ወንድማችን ወርክሾፓችንን ወክለው ከአምስቱ የቴክኒክ ኮሚቴ አባላት አንዱ ነበሩና አስተያየታቸውን በአሥራ አንድ ገጽ ጻፉ። ባለቤታቸው አንብበው «ይህን የምትጽፈው ለአለቆች ነው፤ አለቃ አሥራ አንድ ገጽ አያነብም» ብለው ወደ ሁለት ገጽ አወረዱት። የጽሑፉም ፍሬ ነገር እንዲህ የሚል ነበር፦ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ስፋቱ ግን አደገኛ ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ሲታገሉ መጀመሪያ የሚነካው የክንፉ ጫፍ ይሆናል፤ ጫፉ ተመትቶ ክንፉ ከማሰሪያው ቢላቀቅ በፊት ጎማዎቹ ሥር ይገባል፤ ያን ጊዜ ጎማው መሬት ስለማይነካ መሪውን ማዞርና አለማዞር አንድ ይሆናል። ስለዚህ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ስንዝር ይቀነስ፤ ማሰሪያውም ይጠንክር።

አራቱ አባላት አልተቀበሏቸውም። ውሳኔው የአምስቱንም ፊርማ ይጠይቅ ስለነበር ማኅበሩ፣ ተወካዩ የማይፈርም ወርክሾፕ በዚያ ዓመት አይወዳደርም አለ፤ የእኛም ወርክሾፕ ባለቤት አዲሱን ቅርጽ አስቀድመው አሠርተው ስለነበር አርባ ሠራተኛ ሥራ ሊፈታ ሆነ። ቅርጹን የሠራው የእኔ ክፍል ነበር። በስብሰባው ቀን ከአዳራሹ ውጭ፣ መወጣጫ ደረጃው ላይ ቆመን «ጋሼ፣ ከአምስት ሰው አዋቂ አንተ ብቻ ነህ? ሁላችንም ልጆች አሉን። ፈርምና እንግባ» አልኳቸው። እርሳቸውም ገብተው ፈረሙ።

በዚያ ዓመት የወርክሾፓችን ሾፌር የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበር፤ በአስተያየት መስጫ ስብሰባ ላይ እንኳ ከሁለት ቃል በላይ ስለማይናገር «ዝምታው» እንለው ነበር። ከወንድማችን ጋር ግን ምሳ ሲበሉ ሳይቀር ስለ ክንፍ ማዕዘን የሚከራከር፣ እርሳቸውም እንደ ልጃቸው የሚያዩት ሰው ነበር። በሦስተኛው ውድድር፣ በሰባተኛው ዙር፣ ከጎኑ ያለችውን መኪና ለማለፍ ሲጠጋ የክንፉ ቀኝ ጫፍ የዚያችን የኋላ ጎማ ነካ። ክንፉ ታጥፎ ጎማው ሥር ገባ። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ የእርሱ መኪና ቀጥ ብላ ሄዳ ከግንቡ ጋር ተጋጨች። ልጁ እዚያው ሕይወቱ አለፈ። ወንድማችን ከመኪና መጠገኛው አጥር ሥር ቆመው ሁሉን አይተዋል፤ ሌላው ሲጮህ እርሳቸው ወደ መንገዱ ገቡ፤ ስብርባሪውንም ማንም እንዳይረግጠው እያሉ በእጃቸው ለቀሙ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ልጁ እናት ቤት አብረን ሄድን። እናትየው በሩን ገርበብ አድርገው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ታውቅ ነበር?» እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ወንድማችን ቀደሙኝና «አዎን፣ እናቴ፣ አውቅ ነበር» አሉ። በሩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ቢመላለሱም አልተከፈተላቸውም፤ እናትየው ካረፉም ስምንት ዓመት ሆነ።

መርማሪዎቹ አደጋው የደረሰው በሾፌሩ ስሕተት ነው ብለው ሊዘጉት ሲሉ፣ ወንድማችን ያቺን ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍና የፈረሙበትን ቃለ ጉባኤ ይዘው ቀረቡ። በጽሑፉ ብቻ ነጻ መውጣት ይችሉ ነበር፤ እርሳቸው ግን «ሁለቱም የእጄ ጽሕፈት ናቸው፤ አንዱን አንብባችሁ አንዱን አትተዉ። ልጁ አልተሳሳተም» ሲሉ ቃላቸውን ሰጡ። የልጁ ስም ነጻ ወጣ። እርሳቸው ግን በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበቱ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረዋቸው ሻይ የጠጡ ሰዎችም መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው ማዶ ተሻገሩ። እኔ በሥራዬ ላይ ዘጠኝ ዓመት ቆየሁ። እርሳቸው ደረጃው ላይ ያልኩትን ለመርማሪዎቹም ለማንም አልተናገሩም፤ እኔንም አንድ ቀን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ በተሻለኝ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ሾፌር በተመሳሳይ አደጋ አንድ እግሩን ሲያጣ፣ ማኅበሩ የፊት ክንፉ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ስንዝር እንዲያጥር ወሰነ። የወንድማችን ስም አልተነሣም። ዜናውን ጋዜጣ ላይ አሳየኋቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው «ስንዝሯ በስንት ሰው ተለካች!» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ፤ ያን ቀን ምሳ አልቀመሱም።

ቀሪ ዘመናቸውን በተማሩበት ኮሌጅ በማስተማር አሳለፉ። ዛሬ ከኋላ የቆማችሁት ተማሪዎቻቸው እንደምታስታውሱት፣ ውጤቱ ትክክል ሆኖ የማያምንበትን መልስ የጻፈ ተማሪ ማርክ ያጣ ነበር፤ ጥብቅ ነበሩ፣ አንዳንዴም ክፉ ነበሩ፤ በቤታቸውም ሳቅ አልነበረም። ባለቤታቸው ከሰባት ዓመት በፊት በድንገት ሲያርፉ፣ ጽሑፋቸውን የሚያርም ሰው ስለሌለ መጻፍ አቆሙ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ደረቅ ሳል ጀመራቸው። ሐኪሙ መርምረው፣ ያለ አፍ መሸፈኛ ለሠላሳ ዓመት የካርቦን ክንፍ ሲሞርዱ የሳቡት ብናኝ ሳንባቸውን አደንድኖት ሳይሆን አይቀርም አሉ። የመጨረሻዎቹን አምስት ወራት ከኦክስጅን ጋር ታስረው ሲያሳልፉ፣ አንድ ጠዋት ነርሷን «ዕድሜ ልኬን ነፋስ ስለካ ኖሬ፣ ነፋስ አለቀብኝ» ብለዋት ነበር፤ እሷ ሳቀች፤ እኛ አልሳቅንም። በመጨረሻው ሳምንት ብቻችንን ስንሆን ይቅርታ ልጠይቃቸው ጀመርኩ። ጭምብሉን ከአፋቸው አነሡና «እጄን ማን ያዘው? የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። ምሕረት ይሁን ፍርድ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከትናንት በስቲያ ረፋድ ላይ፣ ሁለቱ ልጆቻቸው አጠገባቸው እያሉ፣ ትንፋሻቸው ቆመ።

ወንድማችን ድልድይ መርማሪ የሆነችውን ሴት ልጃቸውን፣ የጥርስ ቴክኒሻን ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ አንዲት እኅትና እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ሁላችሁም ሥራችሁን ፈትታችሁ ከእኛ ጋር ስለቆማችሁ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። የሁሉ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ወገን ይደምርልን፤ ለዚያ ወጣትና ለእናቱም ዕረፍትን ይስጥልን፤ ለቀረነውም ስንጠየቅ «አዎን፣ አውቅ ነበር» የምንልበትን ድፍረት አይንፈገን።

እስካሁን «እርሳቸው» እያልኩ ያነበብኩት ለወጉ ነው። ጋሼ፣ ደረጃው ላይ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ፤ ይኸው በሰው ሁሉ ፊት ተናገርኩት። ደህና ሁን።