ዛጎሉን ማን አጠነከረው?

ከዓለም ጤና ከተማ የመጡት ሽንኩርት አምራች አቶ ሰብስቤ የልጅ ልጃቸውን ሊዲን ታቅፈው አዳማ መናኸሪያ ሚኒባስ ይጠብቃሉ። ሊዲ ሁለት ዓመት አልፏት ገና አልቆመችም፤ እግሮቿም ጎብጠዋል። አዛውንቱ ከገበያ የገዙትን ዛጎል በክር ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሲያስሩ፣ አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት ሰላምታ ሰጠቻቸው። ጂቱ ትባላለች፤ የባዮሎጂ መምህርት ናት።

«አባባ፣ ዛጎሉ ለምን ይሆን?»

«ጥንካሬው እግሯ እንዲገባ ነዋ፣ ልጄ። ዓይንም ይመልሳል።»

ጂቱ አልሳቀችም። «ዛጎሉስ ጥንካሬውን ከየት አመጣው ይላሉ?»

«ፈጣሪ ነዋ የሰጠው!»

«ልክ ነዎት፤ ግን የሰጠው ሠርቶ እንዲያገኘው ነው። ይህ የባሕር እንስሳ ትንሽ ሳለ ዛጎሉ ስስ ነው። ከባሕሩ ውሃና ከምግቡ ካልሲየም ይወስዳል፤ የእኛም አጥንት የሚጠነክረው በእሱ ነው። ከዚያ ስስ ሥጋው ወደ ውጭ ወጥቶ ዛጎሉን ያለብስና ሽፋን በሽፋን ይደርብበታል። እስቲ ይዳስሱት፤ እንዲህ የለሰለሰው ለዚህ ነው።»

አቶ ሰብስቤ ዳሰሱት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የባሕር ድንጋይ ይመስላቸው ነበር።

«እንስሳው ሲሞትስ?»

«ሥራው ያበቃል። ይህ ዛጎል ለራሱ እንኳ አንዲት ሽፋን መጨመር አይችልም፤ ለሊዲ ከየት ያምጣላት? የእሷም አጥንት የሚሠራው ከውስጥ ነው። ወተት ብትጠጣ፣ እንቁላል ብትበላ እንኳ ፀሐይ ካላገኘች ካልሲየሙ አጥንቷ ጋ በደንብ አይደርስም። ለመሆኑ ፀሐይ ትሞቃለች?»

አዛውንቱ የዛጎሉን ክር ለቀቁት። እናቷ ሙሉዬ ልጅቱን ደጅ ባወጣች ቁጥር «ሰው ያይብሻል!» እያሉ የሚያስገቡት እሳቸው ነበሩ።

«ምች ቢመታትስ?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«የጠዋቷ ፀሐይ ለስላሳ ናት፣ አባባ። ይልቅ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፤ አብረን እናሳያት።»

ሰው የኖረበትን ልማድ የሚተወው ሲሰደብ ሳይሆን ሲገባው ነው። አቶ ሰብስቤም ተራቸውን ትተው ተነሡ። ሐኪሙ የሊዲ አጥንት በፀሐይ እጦት መለስለሱን ነገራቸው፤ ጠብታ መድኃኒት አዘዘ፣ ጂቱ ያለችውንም ደገመላቸው።

ከዚያ ወዲህ ሊዲ በየማለዳው ደጅ ትወጣለች። ጎረቤት ሲያጉረመርም አቶ ሰብስቤ ራሳቸው ይመልሳሉ፦ «አጥንት በክር አይጠነክርም፤ በምግብና በፀሐይ ነው። ልጆቻችሁን ከጓዳ አውጡ፣ የታመመውንም ሳይዘገይ አሳክሙ።» ብዙ እናቶችም ሰሟቸው።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ወደ ሽንኩርቱ ማሳ ሲወርዱ ሊዲ እጃቸውን ለቃ ቀደመቻቸው። እግሮቿ ገና ፈጽመው ባይቀኑም ጸንተው ይረግጣሉ። አዛውንቱ እያለከለኩ ከኋላዋ ተጣሩ፦

«ቆዪኝ እንጂ፣ ሊዲ! አያትሽን ጥለሽ ልትሄጂ ነው?»