ቆስጣ ኪስ የለውም

— ሄሎ? … አቤት ወንድሜ። ቶሎ በል፣ የስፌት ሱቄ ውስጥ ሰው ቆሞብኛል። … ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታለከልከው? … ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … እህ፣ አሁን ሰማሁህ።

— አማትህ ከሆስፒታል ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት? … ስድስት ተኩል? አሁን እኮ ስድስት ሊሆን ነው! ሚስትህስ? … ተረኛ ናት? በል ተረጋጋ።

— ጋሼ፣ ይቀመጡ እባክዎ፣ እየፈለግሁልዎ ነው። ሱሪ እግር አውጥቶ አይሄድም። … አንተን አይደለም ወንድሜ። የማርሽ ባንዱ ጥሩምባ ነፊ ናቸው። አረንጓዴው የሰልፍ ሱሪያቸው ላይ ማስቲካ ተጣብቆ አምጥተውልኝ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ሱቁን ባገላብጥ፣ ባገላብጥ የለም። ስምንት ሰዓት ላይ ሰልፍ አላቸው። ከላይ ኮት ከነወርቃማ ቁልፉ፣ ከታች የቤት ቁምጣ ለብሰው፣ ጥሩምባቸውን ይዘው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። … አትሳቅ! የራስህን ጉድ ተናገር።

— ሐኪሙ ምን አለ? … ጨው የለ፣ ቅቤ የለ፣ ዘይት በማንኪያ ጫፍ። … እና እሳቸው ምን አሉ? … «አንድ ምሳ እቀምሳለሁ፣ ካልጣመኝ ቤቴ እገባለሁ»? … ይገባኛል። ብቻቸውን ከገቡ ያንን የጨው ዕቃ ታቅፈው ነው የሚውሉት። በሳምንቱ ተመልሰው ሆስፒታል ናቸው። … እኔም እኮ እፈራለሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ «በላችሁ ወይ?» ብለው የሚጠይቁን እሳቸው ብቻ ናቸው። … አታልቅስ! … ሽንኩርት ነው? እሺ፣ ሽንኩርት ይሁን።

— ጓዳህ ውስጥ ምን አለ? … ምስር። ሩዝ። ሁለት ቆርቆሮ ሽምብራ። የቲማቲም ድልህ። … ሎሚም አለ? ሀብታም ነህ እኮ! ፍሪዘሩስ? … ምንድነው «ከረጢት፣ ከረጢት፣ ከረጢት» ማለት? አልጻፍክባቸውም? … ጽሑፉ ጠፋ? በምን ነበር የጻፍከው? … በኔ ጠመኔ! የልብስ ጠመኔ እኮ በቀላሉ እንዲለቅ ነው የተሠራው! … ማን ሰጠህ? … እሺ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁህ። አሁን እሱን ተወው።

— ብርቱካንማው ካሮት ነው። ክብ ክቡ አተር ነው። … ሦስተኛው? … ጥቁር አረንጓዴ? ጥቅልል ብሎ የደረቀ? እሱማ ቆስጣ ነው። … ጥደኸዋል? ጎበዝ! … ውሃውስ? … ቀንሰህ ሩዙን ቀቀልክበት? ቫይታሚኑ እንዳይባክን? ጎሽ የኔ ወንድም! ጋሼ፣ ይሄ ልጅ እንቁላል መቀቀል አያውቅም ነበር እኮ!

— ምን? … ግማሽ ሰዓት ሙሉ አልበስል አለ? በማንኪያ ጫን በለው። … አይፈርስም? በቢላ ሞክረው። … ቢላውም እምቢ አለ? … ምን አለው? … ድገመው እስቲ። … ኪስ?

— ቆስጣ ኪስ የለውም።

— … የጎን ኪስ ነው የኋላ?

— ጋሼ፣ እስቲ ውጭ ወጣ ብለው አየር ይውሰዱ… የለም፣ የለም፣ በቁምጣ አይውጡ፣ እዚያው ይሁኑ። … ወንድሜ፣ ስማኝ። እንዳትጮህ፣ ቀስ ብዬ ነው የማወራው። ማክሰኞ እናንተ ጋ ስመጣ ከረጢት ይዤ አልነበር? … እሱ ነው። ማስቲካ በረዶ ሲሆን ነው ከጨርቅ ላይ የሚላቀቀው፤ የኔ ፍሪጅ ደግሞ ማቀዝቀዝ ካቆመ ቆይቷል። እዚያ ከትቼ ረሳሁት። … አዎ። ሱሪ ነው የቀቀልከው። … ሩዙን እንዳትቀምስ! … ቀመስከው? … እና እንዴት ነው? … ጨው የለውም። እሱስ ደህና።

— ሩዙን ድፋው! በል አሁን እጅህን አንቀሳቅስ። ምስሩ በስሏል? … ተመስገን። ሽምብራውን ክፈት፣ የቆርቆሮውን ውሃ ድፋ፣ ጨው ያለው እሱ ውስጥ ነው። ሦስቴ እጠበው። … ሽንኩርቱ ላይ ድልህ ጠብ አድርግ። ስልኩን አትዝጋ፣ ሲንጫጫ ልስማ። … እሳቱን ቀንስ! ከዚህ ሆኜ ሲያር ሰማሁት። … ሽምብራውን፣ ቀጥሎ ምስሩን። ካሮቱንና አተሩን መጨረሻ ላይ ከነበረዶአቸው ጣላቸው፤ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አይበልጥም። ሎሚውን ጭመቅበት። ሎሚ ደፈር ሲል ምላስ ጨው ያገኘ ይመስለዋል።

— ደርሷል ጋሼ፣ ደርሷል! የት እንዳለ አውቄዋለሁ። … ሞቅ ያለ ቦታ ነው ያለው።

— ማን አንኳኳ? … እሳቸው ናቸው? ምነው ቀደሙ! … ሱሪው የት ነው? … በጭልፋ አንጠልጥለህ በሩን ከፈትክ? … ሄሎ? ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?

— … እማማ! እንደምን ዋሉ? … እህቱ ነኝ፣ ልብስ ሰፊዋ። … አዎ፣ ሱሪ ነው። … ኧረ ለምሳ አይደለም እማማ! … እየሳቁ ነው ወይስ እያሳሉ? … ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ልብዎን! … ሆስፒታል ከገቡ ወዲህ አልሳቁም ነበር? … እሰይ፣ ይሳቁ እንግዲህ።

— ከድስቱ ቀመሱ? … ምን ጎደለው? … ጨው። እሱማ የታወቀ ነው። ሌላስ? … ደገሙ? … ኧረ? እውነትዎን ነው የሚቀመጡት? … «ይሄን ልጅ ከእሳት ጋር ብቻውን ትቶ የሚሄድ ልብ የለኝም»? … ልክ ነዎት እማማ። እዚያው ይሁኑ፣ ይጠብቁት። … እኔ ነኝ አሁን የማለቅሰው። … ሽንኩርት እንኳ የለኝም።

— እማማ፣ ይቅርታ፣ የሱሪው መቀመጫ ላይ ማስቲካ አለ? … ጨርሶ ለቋል? ተመስገን! … ግን ምን? … አጠረ? እስከ የት ድረስ? … ጉልበት?

— ጋሼ! የምሥራች፣ ሱሪዎ ተገኝቷል፤ ማስቲካውም ለቋል። … አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ሰልፉ ላይ ቁምጣ ይፈቀዳል?

— … እማማ፣ ልዝጋው። ጥሩምባቸውን አነሡ።