በግራ ጎኑ የታጠቀው መምህር

(ደብረ ታቦር፤ የጎራዴ አፎት የሚሰፉት ሽማግሌ የጋሽ አንዳርጌ የቆዳ ሥራ ቤት። ከሰዓት በኋላ ነው፤ የጎራዴ ትምህርት ቤት ተማሪዋ አይናዲስ ወረቀት ይዛ ፊታቸው ቆማለች።)

ጋሽ አንዳርጌ፦ አልፈርምም አልኩሽ። ወረቀቱን ከቆዳው ላይ አንሺ፤ ዘይት ይነካብሻል።

አይናዲስ፦ አንድ ፊርማ እኮ ነው፣ ጋሼ። የቀበሌው ሰዎች ጎራዴ የሚያውቅ ሽማግሌ ካልመሰከረላችሁ የምትማሩበትን አዳራሽ ሰኞ እንረከባለን ብለውናል። ሠላሳ አንድ ተማሪ የት ይሂድ?

ጋሽ አንዳርጌ፦ ወደ ቤቱ። እዚያ የሚዋሸው የለም።

አይናዲስ፦ መምህራችን ክንፈ ሙያው ከሰባት ትውልድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው ይላሉ።

ጋሽ አንዳርጌ፦ አምና ስድስት ነበር። ቅድመ አያት በዓመት አንድ ይወለዳል እንዴ?

አይናዲስ፦ ቆጥረው አግኝተው ይሆናላ።

ጋሽ አንዳርጌ፦ አባቱን አውቃቸው ነበር፤ ጨው ነጋዴ፣ ጨዋ ሰው። ጎራዴ ቀርቶ ቢላዋ ሲስሉ አላየኋቸውም።

አይናዲስ፦ ግድግዳው ላይ የምስክር ወረቀታቸው አለ። አራት ማኅተም አለበት።

ጋሽ አንዳርጌ፦ አንድ ብቻ ቢሆን ራሱም አያምነውማ።

አይናዲስ፦ ቆይ ምን አይተው ነው እንዲህ የናቋቸው?

ጋሽ አንዳርጌ፦ እዚህ ሲመጣ በግራ ጎኑ ታጥቆ ነበር። የኛ ጎራዴ በቀኝ ነው የሚታጠቀው፤ ግራ እጅ ጋሻ ይይዛል። ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ብጠይቀው፣ ጥንታዊው ሥርዓት ይህ ነው አለኝ። ከውጭ ፊልም ላይ መቅዳቱስ ይሁን፣ ወደ አገራችን ወግ መለወጥ እንኳ ሰንፏል።

አይናዲስ፦ እኛም በግራ ነው የምንታጠቀው።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ጋሻውንስ በጥርስ ትይዙታላችሁ?

አይናዲስ፦ ጋሻ የለንም። መምህር ጋሻ ለፈሪ ነው ይላሉ።

ጋሽ አንዳርጌ፦ እሱ ምን ያድርግበት፣ የሚሰነዝርበት የለ! አፎት ሲያዘኝ የለመነኝ የሚያብለጨልጭ እንዲሆንለት ብቻ ነው። አፉ ይጥበቅ ወይስ ይላላ አላለኝም። ይኸው ሦስት ዓመቱ፤ አንድ ቀን ለጥገና አላመጣውም። በየቀኑ የሚመዘዝ ጎራዴ ያፎቱን አፍ በዓመት ይበላዋል። የሱ ግን ባለፈው ሰልፍ ላይ ሳየው እንደ ሰፋሁት ነው።

አይናዲስ፦ ተጠንቅቀው ይዘውት ቢሆንስ?

ጋሽ አንዳርጌ፦ እንደ ሙሽራ ልብስ! ደግሞ ሲያስተምር የተቀረጸውን ልጆች በስልክ አሳይተውኛል። እጁን ሲያነሣ ተማሪው ሳይነካ እየተገነደሰ ይወድቃል። አንቺም አለሽበት መሰለኝ።

አይናዲስ፦ ሦስተኛዋ ነኝ።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ነክቶሽ ነበር?

አይናዲስ፦ አልነኩኝም።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ታዲያ ምን ጣለሽ?

አይናዲስ፦ ሁለቱ ከፊቴ ወድቀው ነበር። ብቻዬን መቆም አፈርኩ።

ጋሽ አንዳርጌ፦ እና እኔ ለዚህ ልመስክር? አፍራችሁ ስትወድቁ እሱ ታላቅ መምህር ይባል?

አይናዲስ፦ ትናንት አልወደቅሁም።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ምን አለሽ?

አይናዲስ፦ እጃቸውን አነሡ፤ ቆምኩ። ደግመው አነሡ። ጠጋ ብለው በቀስታ ውደቂ እንጂ አሉኝ። እንደቆምኩ ስቀር በመለማመጃው የእንጨት ጎራዴ ሰነዘሩብኝ፤ መከትኩና መለስኩ። የወደቁት እሳቸው ናቸው። ተነሥተው ያንን አፎትዎን ይዘው ወጡ። እስካሁን ስልካቸው ዝግ ነው።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ይህን ሁሉ ስዘልፈው ለምን አልነገርሽኝም?

አይናዲስ፦ ስድቡን ይጨርሱ ብዬ ነው።

ጋሽ አንዳርጌ፦ መመከቱን ማን አስተማረሽ?

አይናዲስ፦ ማንም። እሳቸው ጠዋት ስለማይመጡ ጀማሪዎቹን የማሠራው እኔ ነኝ። እርስ በርስ እንማታለን። ያስመታንን አቋቋም እየተውን፣ ያላስመታንን እየያዝን ዓመት ሆነን።

ጋሽ አንዳርጌ፦ በግራ ታጥቃችሁ።

አይናዲስ፦ በቀኝ መሆኑን ዛሬ ሰማሁ። ነገ ይቀየራል።

ጋሽ አንዳርጌ፦ እና ሸሽቶ ለሄደ ሰው ነው ፊርማ የምትለምኚኝ?

አይናዲስ፦ ዛሬም ጠዋት ሠላሳ አንዱም መጥተው ነበር፣ ጋሼ። ወረቀቱን አላነበቡትም እንጂ፣ የመምህሩ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።

ጋሽ አንዳርጌ፦ አምጪው እስቲ። የአባትሽ ስም ማን ነው?